ኤድዋርድ ሩፔል፤ ከምፅዋ ዳርቻ እስከ ስሜን ተራሮች

በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ኮራል በሚባሉት ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በተሠሩት ዐለቶች መካከል፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ አንድ ቡናማ ዓሣ ይኖራል። መልኩ ዐይን የሚስብ አይደለም። አፉ ትንሽ፣ ምግቡም የባሕር ሣር ነው። በእጁ የጨበጠው ሰው ግን ወዲያውኑ ይጸጸታል፤ ክንፎቹን የያዙት እሾሆች መርዝ አላቸውና። በሳይንስ ዓለም ሲጋኑስ ሉሪዱስ ተብሎ ይታወቃል። ሉሪዱስ የሚለውን ስም በ1829 የሰጠው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ለገለጻው መነሻ የሆነውም በምፅዋ የተገኘ ዓሣ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩፔል በአገራችን የሚታወቀው በዚህ ዓሣ አይደለም። ጭላዳን፣ ዋልያንና የስሜንን ቀይ ቀበሮ በሳይንስ መዝገብ ያስገባ እርሱ ነው። ከባሕር እጅግ ርቃ በምትገኘው በቡኢ ከተማ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የኢትዮጵያን ብርቅዬ አራዊት ዘርዝሮ የሚጽፍ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ሳያውቀው የዚህን ሰው ሥራ ለተማሪዎቹ ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ የሩፔልን የሥራ ጠባይ በሚገባ ለመረዳት ከተራራው በፊት ከባሕሩ መነሣት ያስፈልጋል፤ የጥናቱ ስልት በመጀመሪያ የተፈተነው በዚያ ነበርና።

ቪልሄልም ፔተር ኤድዋርድ ሲሞን ሩፔል በኅዳር 20 ቀን 1794 በፍራንክፈርት አም ማይን ተወለደ። አባቱ በባንክ ሥራ የበለጸገ ሰው ስለ ነበር፣ ልጁም የንግዱን መስመር ተከትሎ እንዲያድግ ታስቦ ነበር። የሰው ሐሳብና የሰው ዕጣ ግን ሁልጊዜ አይገጥሙም። ሩፔል በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ምድረ በዳ በሄደ ጊዜ፣ ልቡ ከንግድ መዝገብ ይልቅ ወደ ሥነ ፍጥረት አዘነበለ። ወደ አውሮፓ ተመልሶም በኢጣሊያ፣ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋትንና የእንስሳትን ጥናት ተከታተለ። ሀብት ያለው ሰው በሀብቱ ምቾትን ሊገዛ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን የወረሰውን ገንዘብ ለጉዞ፣ ለመሣሪያና ለናሙና መሰብሰቢያ ማዋልን መረጠ።

ጊዜውም ተስማሚ ነበር። በ1817 በፍራንክፈርት የዜንከንበርግ የሥነ ፍጥረት ምርምር ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። የማኅበሩ ዋና መሥራች ሐኪሙ ፊሊፕ ያኮብ ክሬችማር ነበር። አዲሱ ማኅበር ቤተ መዘክሩን የሚሞላለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ሩፔል ደግሞ የሚሰበስበውን በአደራ የሚቀበልና ለጥናት የሚያቀርብ ተቋም ያስፈልገው ነበር። ሁለቱ ፍላጎቶች ተገናኙ። ሩፔል ሚካኤል ሄይ የተባለውን ቀዶ ጥገና ዐዋቂ ረዳት አድርጎ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ወደ አፍሪካ ተጓዘ። በ1822 ወደ ዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት የዓባይን ወንዝ ተከትሎ ኑብያን አሰሰ፤ በ1825 ወደ ካይሮ ተመለሰ። ቀጥሎም ፊቱን ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ሐበሻ አዞረ።

በዚያ ዘመን ቀይ ባሕርን ማጥናት የሕይወት ዋጋ የሚያስከፍል ሥራ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። በሩፔል ፊት ያለፉት ሰዎች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። የዴንማርክ ንጉሥ በላከው የጥናት ቡድን ውስጥ የነበረው የሊኔ ደቀ መዝሙር ፒተር ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ዓሦች በሰፊው መርምሮ ሲያበቃ፣ በ1763 በየመን በወባ ሞተ። ከ6 ሰዎች ወደ አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የጓደኛውን ማስታወሻ በ1775 ያሳተመው እርሱ ነው። ከፎርስኮል በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪክም በ1825 በዚያው በምፅዋ በትኩሳት ሞተ። ሩፔል ወደዚያች የሙቀት ወደብ ሲሄድ የሄምፕሪክ ሞት ገና ትኩስ ነበር። እርሱም ቢሆን በመጀመሪያው ጉዞው ከምፅዋ አልፎ ወደ ደጋው ለመዝለቅ አልቻለም፤ የቡድኑ ጤና ታወከና ዕቅዱ በዳርቻው ላይ ቆመ።

የሰው ዕቅድ በቆመበት ስፍራ ግን ሥራ ይጀምር ነበር። ወደ ውስጥ መግባት ያልቻለው መንገደኛ ዐይኑን በባሕሩ ላይ አሳረፈ። ምፅዋና ከፊት ለፊቷ የተበተኑት የዳሕላክ ደሴቶች ለተመራማሪ ሀብታም ስፍራ ናቸው። በዚያ አካባቢ ባሕሩ ጥልቀት የለውም፤ ውኃው የሞቀና ጨው የበዛበት ነው። ኮራል በሚኖርበት ዐለት ላይ ብርሃን እስከ ታች ስለሚደርስ አልጌ የሚባለው የባሕር ሣር ይበቅላል፤ ሣሩን የሚግጡ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ እነዚያን የሚያድኑ ትልልቆች ደግሞ ይከተላሉ። በኮራሉ ውስጥ ያለው ስንጥቅና ዋሻ ለደካማው መሸሸጊያ፣ ለብርቱው ማድፈጫ ነው። በእንዲህ ያለ ጠባብና የተጨናነቀ ስፍራ ትንሽ ፍጥረት ሳይበላ ለመኖር አንድ ብልሃት ሊኖረው ግድ ነው።

የሲጋኑስ ሉሪዱስ ብልሃት መርዝ ነው። በጀርባው ላይ 13 ጠንካራ እሾሆች አሉት፤ ከነዚህም ፊት ወደ አፉ አቅጣጫ የተጋደመች አንዲት ትንሽ እሾህ ትገኛለች። ከሆዱ በታች፣ ወደ ጅራቱ በሚያመራው ክንፍ ላይ 7 እሾሆች አሉ። ሁለቱ የሆድ ክንፎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው በውስጥም በውጭም አንድ አንድ እሾህ አላቸው። ይህ የመጨረሻው አሠራር የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ብቻ መለያ ነው። የተጋደመችውን ሳይጨምር መርዝ ያላቸው እሾሆች ድምር 24 ይሆናል። በእያንዳንዱ እሾህ ግራና ቀኝ ቦይ አለ፤ መርዙን የሚሠራው ሥጋ በዚያ ቦይ ውስጥ በስስ ቆዳ ተሸፍኖ ይገኛል። እሾሁ የጠላትን አካል ሲወጋ ቆዳው ይቀደድና መርዙ ወደ ቁስሉ ይገባል።

ስለዚህ መርዙ የማጥቂያ ሳይሆን የመከላከያ መሣሪያ ነው። ዓሣው ማንንም አያሳድድም፤ ሲደነግጥ እሾሆቹን አቁሞ ይጠብቃል እንጂ። ቀን ቀን ሣሩን ሲግጥ ይውላል፤ ሌሊት በዐለቱ ሥር ሲያርፍ መልኩ ወደ ዝንጉርጉር ይለወጥና ከአካባቢው ጋር ይመሳሰላል። የወጋው ሰው ከባድ ሕመም ይሰማዋል እንጂ እንደ ባሕር ዐለት በሚመስለው በድንጋይ ዓሣ እንደ ተወጋ ሰው ለሕይወት አይሠጋም። መርዙ በሙቀት የሚበላሽ ፕሮቲን በመሆኑ፣ የተወጋውን እጅ ወይም እግር ቆዳ በማያቃጥል ልክ በሞቀ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማቆየት ሕመሙን እንደሚያስታግሥ የዛሬው ሕክምና ያስተምራል። ሥጋው ግን ይበላል፤ ስለዚህም የዳርቻው ዓሣ አስጋሪ የሚፈራውም የሚፈልገውም ዓሣ ነው።

ሩፔል ወደ ፍራንክፈርት ከተመለሰ በኋላ የቀይ ባሕር ዓሦችን መጽሐፍ ከ1828 ጀምሮ በየክፍሉ ማሳተም ያዘ። ከዚያ ጉዞ የመጡትን አጥቢዎችና አዕዋፍ በአብዛኛው የገለጸው ክሬችማር ሲሆን፣ ዓሦቹን ግን ሩፔል በራሱ እጅ ያዘ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው ቡናማው ዓሣ በ1829 አምፋካንቱስ ሉሪዱስ ተብሎ የተገለጸው። በኋላ ዘመን የወገኑ ስም ወደ ሲጋኑስ ተለውጧል፤ ይኸውም ፎርስኮል ከዐረብ ዓሣ አስጋሪዎች ቋንቋ ወስዶ በላቲን ቅርጽ ያስቀመጠው ጥንታዊ ስም በመሆኑ ነው። የሥነ ፍጥረት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የተሰጠውን ስም ያስቀድማልና። ሉሪዱስ የሚለው የዝርያው ስም ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

በዚህ ስም ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ተጋብቶ ይገኛል። አንደኛው በባሕሩ ላይ የሚኖረው ሰው ዕውቀት ነው፤ ዓሣው የት እንደሚውል፣ በየትኛው ወቅት እንደሚበዛ፣ እንዴት ቢያዝ እንደማይወጋ የሚያውቀው ዓሣ አስጋሪው ነው። ሁለተኛው እሾሁን ቆጥሮ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ከሌላው ዝርያ ጋር አነጻጽሮ በጽሑፍ የሚያኖረው የሊቁ ዕውቀት ነው። የመጀመሪያው ባይኖር ሁለተኛው ናሙና አያገኝም። ሁለተኛው ባይኖር የመጀመሪያው ከመንደሩ አይወጣም። መጽሐፉ የሊቁን ስም አስቀርቷል። በታንኳ ወጥተው መረብ የጣሉት ሰዎች ስም ግን በዝርያ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ከእነርሱ የቀረው በላቲን ልብስ የተሸፈነው ሲጋኑስ የሚለው ቃል ነው።

ሩፔል በምፅዋ የተቋረጠውን ዕቅድ አልተወውም። ቴዎዶር ኤርክል የተባለውን ረዳት ይዞ በ1830 ዳግመኛ ተነሣ፤ በ1831 ምፅዋ ደርሶ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደጋው ወጣ። አገሪቱ በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ሰባጋድስ በ1831 በደብረ ዓባይ ጦርነት ተሸንፈው ተገድለው ነበር፤ በስሜን ደጃዝማች ውቤ፣ በበጌምድር ደግሞ ወጣቱ ራስ አሊ ኀይላቸውን በማጽናት ላይ ነበሩ። መንገድ በሽፍታ የሚዘጋበት፣ ዛሬ የተሰጠ የይለፍ ቃል ነገ የማይሠራበት ጊዜ ነበር። ሩፔል በዚህ ሁሉ መካከል የአየር ግፊት መለኪያውን፣ ጠመንጃውንና የናሙና ሣጥኖቹን ይዞ በስሜን ተራሮች ላይ ቆየ፤ በ1832 መጨረሻ አካባቢም ጎንደር ገባ።

የዚያ ጉዞ ፍሬ ብዙ ነው። ጭላዳና ዋልያ በ1835፣ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በ1840 በሳይንስ ስም ተመዘገቡ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመረጠው የዝርያ ስም ከአገሬው ቃል የተወሰደ ነበር፤ ለቀበሮው ደግሞ የስሜንን ስም ሰጠው። ረዳቱን ኤርክልንም አልረሳም፤ አንድ የደጋ ቆቅ በእርሱ ስም ሰይሟል። በ1833 ወደ ምፅዋ በሚመለስበት ጊዜ በአክሱም አልፎ የንጉሥ ዔዛናን የግዕዝ የድንጋይ ጽሑፎች ገልብጧል። ከጎንደር የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ደግሞ ለፍራንክፈርት የከተማ መጻሕፍት ቤት የገቡ ሲሆን፣ በ1897 ዝርዝራቸው በመጽሐፍ ታትሟል። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፤ ይህን ክብር ካገኙት የውጭ አገር ሰዎች ቀዳሚ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሩፔልን የዐይን ጥራት የሚመሰክረው የጣና ሐይቅ ዓሣ ጉዳይ ነው። ሩፔል በምፅዋ ዓሦችን እሾህ በእሾህ ማነጻጸርን ተለማምዶ ስለ ነበር፣ በጣና ያገኛቸውን ባርበስ የሚባሉ ዓሦች አፋቸውንና የራስ ቅርጻቸውን መርምሮ ብዙ የተለያዩ ዝርያዎች እንደሆኑ በ1835 ጻፈ። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ላቢዮባርበስ ኢንተርሜዲየስ የሚባለው ነው። ለብዙ ዘመን ግን ሌሎች ሊቃውንት ልዩነቱን አልተቀበሉትም፤ በ1973 የወጣ ሰፊ ጥናት ሁሉንም ማለት ይቻላል በአንድ ዝርያ ሥር ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ በሐይቁ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች የዓሦቹን አመጋገብ፣ መኖሪያና አካል በዝርዝር ሲመረምሩ በጣና 15 የላቢዮባርበስ ዝርያዎች እንዳሉ አረጋገጡ። ከ160 ዓመት ገደማ በኋላ የሩፔል ፍርድ በመሠረቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ይህ ጉዳይ ለጣና ብቻ የተወሰነ አይደለም። ኢንተርሜዲየስ ከዓባይ ተፋሰስ ሌላ በአዋሽ፣ በኦሞና በግቤ፣ እንዲሁም በዝዋይ ሐይቅ ይኖራል። ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ዝዋይ የሚወርደው የመቂ ወንዝ ቡኢንና አካባቢዋን ከዚህ ሐይቅ ጋር ያገናኛል። ስለዚህ በተራራው ላይ የሚቆረጠው ዛፍና የሚታጠበው አፈር በሐይቁ ዓሣ ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅ፣ በቅድሚያ ዓሣው ማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በስም የተጠቀለለ ነገር ሲጠፋ ጠፋ ተብሎ አይቆጠርም። አንድ ሐይቅ አንድ ዝርያ ብቻ አለው ከተባለ፣ ከ15ቱ አንዱ ቢያልቅ ማንም ልብ አይለውም። ስም መስጠት የመዝገብ ጌጥ ሳይሆን የጥበቃ መጀመሪያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሩፔል የኋላ ዘመን እንደ ወጣትነቱ በደስታ የተሞላ አልነበረም። ቤተ መዘክሩን በስብስቡ ካከበረው ማኅበር ጋር ሳይስማማ ቀረ። የናሙናው አያያዝና የሥራው ክብር ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ በትንንሽ ማኅበራት ውስጥ ሁልጊዜ ቅሬታ ያስነሣል። ሩፔልም ጠባዩ ቀላል አልነበረም። ከዚህ በኋላ ጊዜውን ይበልጥ ለከተማይቱ የጥንት ሳንቲሞች ስብስብ አዋለ። በታኅሣሥ 10 ቀን 1884፣ በ90 ዓመቱ በተወለደባት ከተማ ዐረፈ።

ስም ከመቃብር በላይ ነው እንደሚባለው፣ ስሙ በብዙ ፍጥረት ላይ ተርፏል። በሰማይ የሩፔል ጥንብ አንሣ አለ፤ ከእነዚህ አንዱ በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ፣ ከ11,000 ሜትር በላይ ከአውሮፕላን ጋር ስለ ተጋጨ፣ ከፍ ብሎ በመብረር የሚታወቅ አሞራ ሆኗል። በምድረ በዳ የሩፔል ቀበሮ ይሮጣል። በቀይ ባሕርም ክሉንዚንገር በ1871 በስሙ የሰየመው ባለ ቀለም ዓሣ በኮራል መካከል ይዋኛል።

ትንሹ መርዘኛ ዓሣ ግን ስም ካወጣለት ሰው በላይ ተጓዘ። የስዊዝ ቦይ በኅዳር 17 ቀን 1869፣ ሩፔል 75 ዓመት ሊሞላው 3 ቀን ሲቀረው፣ ተከፈተ። ቦዩ ለመርከብ የተቆፈረ ቢሆንም ዓሣም አለፈበት። የቅርብ ዘመዱ ሲጋኑስ ሪቩላቱስ በ1924፣ ሉሪዱስም በ1950ዎቹ አጋማሽ በሜዲትራንያን ምሥራቅ ዳርቻ ታዩ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ገፉ። በቀይ ባሕር የሣር ግጦሹ ከኮራል ኑሮ ጋር ተመጣጥኖ ይጠቅማል፤ ሣሩ በዝቶ ኮራሉን እንዳይሸፍነው ይረዳልና። በአዲሱ ባሕር ግን ሁለቱ ዓሦች የቱርክንና የአጎራባቾቿን የባሕር ዐለቶች ግጠው ራቁታቸውን እንዳስቀሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ያው ዓሣ፣ ያው ጥርስ፣ ያው እሾህ ነው፤ የተለወጠው መኖሪያው ብቻ ነው። የፍጥረትን ጠባይ ከመኖሪያው ለይቶ መፍረድ እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ትምህርት አይገኝም።

ይህን ስደት ለመለየት ያስቻለው የሩፔልና የፎርስኮል መጽሐፍ ነበር። በ1829 ዓሣው በቀይ ባሕር እንደሚኖር በጽሑፍ ባይሰፍር ኖሮ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሜዲትራንያን የታየው ነዋሪ ይሁን እንግዳ ማን ሊያውቅ ይችላል? ለዋልያም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በ1835 ስሙ የተመዘገበው እንስሳ ቁጥሩ ሲመነምን፣ በ1969 የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመለት፤ ፓርኩም በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መነሻ መዝገብ የሌለው አገር የጠፋበትን አይቆጥርም፤ የመጣበትንም አይለይም።

የሩፔል ሕይወት ለሙያ ባልደረቦች የሚያስተላልፈው ነገር እንግዲህ ከአድናቆት የዘለለ ነው። ናሙናዎቹ በፍራንክፈርት፣ ብራናዎቹም በዚያው በፍራንክፈርት ይገኛሉ፤ የአገራችንን ፍጥረት በመጀመሪያው ማስረጃ ለመመርመር የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር አለበት። ይህ ያለፈ ታሪክ ነውና አይለወጥም። ሊለወጥ የሚችለው የሚቀጥለው መዝገብ የት እንደሚቀመጥና በማን እንደሚጻፍ ነው። በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ በአግባቡ ተይዞ፣ የተያዘበት ወንዝና ቀን ተጽፎ የሚቀመጥ አንድ ዓሣ፣ አብሮትም ዓሣውን ያሳየው ሰው ስምና ሰዎቹ የሚጠሩበት የአካባቢው ቃል፣ ሩፔል የጀመረውን ሥራ ያጎደለውን ጨምሮ ይፈጽመዋል።